ሰባት እልልታ ለሴት ልጅ

ሁሩሙ፣ ነሐሴ ፳፯ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈንታሁን፣

የጤናህን ነገር ኋላ እጠይቅሃለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ስማ። ሚስትህ ጃለቴ ተገላግላለች። ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው ነጋዴ መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበው አልቀየመውም፤ እንዲያውም እስከ ጋምቤላ ድረስ ባረፈበት ሁሉ ያውራልኝ። አሁን ግን መጋዝህን አስቀምጥና ተቀመጥ። ከምሥራቹ ቀጥሎ ኑዛዜ አለበት፤ እሱን ቆመህ እንድታነበው አልፈልግም።

የእጅ ጽሑፌን ስታይ ሳትደነግጥ አትቀርም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። አባታችን አንተን ፊደል ሲያስቆጥር እኔ እንዝርቴን ይዤ ከጎን እየሰማሁ፣ አንተ ስትሳሳት ቀድሜ እየመለስኩ እንዳስለቀስኩህ አትረሳም። ስለዚህ ፊደል ጠፍቶኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። የጠፋኝ ወኔ ነው።

በሰኔ የላክኸው ደብዳቤም ደርሶኛል። ባሌ ደርበው ከመቱ ገበያ ይዞልኝ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ጎታው ላይ አስቀመጠልኝ። አሠሪህ ግሪኩ መርከቧ ከሱዳን ስትዘገይ ለቅዱስ ኒኮላዎሱ ሻማ እንደሚያበራ፣ መርከቧ ደርሳ ጭነቱ መራገፍ ሲጀምር ግን ቶሎ ብሎ እፍ እንደሚላት የጻፍከውን ሳነብ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደብዳቤውን መልሼ አጥፌ ደበቅሁት። የተገዘተ ሰው ደብዳቤ ቤቴ ተገኘ እንዳይባል ነበር። እንዲህ ያለች ፈሪ ነበርኩ።

ስለ ግዝቱ ለአንተ አላስተምርህም፤ የኖርክበት አንተ ነህ። ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ። እናታችን በሞተች በአርባኛው ቀን፣ ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን፣ አንተና እኔ ከጓሮ ከአባታችን የንብ ቀፎዎች ዘንድ ቆመን ነበር። ጎሬ ከፈረንጆቹ ሚሲዮን አናጢነትና ወንጌል ተምረህ ከተመለስክ ገና ስድስት ወርህ ነው። ቅዱሳኑ ለእናታችን እንዲማልዱላት ስለት ልሳል ብዬ አማከርኩህ። አንተም፣ “እትዬ፣ እናታችንን የሚምራት እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ስለት ምን ያደርግላታል?” አልከኝ። እኔ ደግሞ ተናድጄ፣ አባታችን እንኳ በመሬቱ ክርክር ደጃዝማቹ ፊት ሲቀርብ አማላጅ ይዞ መሄዱን አስታወስኩህ። አንተም ሳቅ ብለህ፣ “እግዚአብሔር ደጃዝማች አይደለም” አልክ።

በሳምንቱ መምሬ ገብረ ሥላሴ ያችኑ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ተናገሯት። “ጸረ ማርያም ሆኗል፤ ለቤቱ እሳትና ውኃ የሰጠ፣ ደጁን የረገጠ የተገዘተ ይሁን!” አሉ። አንተም ጎረቤታችን እትዬ እታፈራሁ በአጥር ሥር ሰምተው ያሳበቁብህ መስሎህ እስከ ዛሬ በልብህ ይዘህባቸዋል። እሳቸው አይደሉም፣ ፈንታሁን። እኔ ነኝ። መምሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቁሜ የነገርኳቸው እኔ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝ።

ይመክሩልኛል ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ንዴት ነበር። እናቴን በምድር አጥቻት፣ አንተ ደግሞ በሰማይም ምንም ላደርግላት እንደማልችል የነገርከኝ መሰለኝ። ግዝቱ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ግን አፌን አልከፈትኩም። በዚያው ዓመት ጃለቴን ከኖፓ አግብተህ ስታመጣ ሰርግህ ላይ አልነበርኩም። በሐምሌ ዝናብ ደጄ ቆመህ “እትዬ፣ እትዬ መንበረ” እያልክ ስትጣራ ቤት ነበርኩ። የጎረቤት ዓይን ፈርቼ አልከፈትኩልህም። በአገሩ ሥራ የሚሰጥህ አጥተህ ጋምቤላ ስትወርድም አልሸኘሁህም። ይህን ሁሉ አውቀህ ቀጣዩን አንብብ፤ እኔን የሚያስመሰግን ታሪክ መስሎህ እንዳትሳሳት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበራችን ተረኛ እትዬ እታፈራሁ ነበሩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችንም፣ እሳቸው ስለሆኑ ድግሱ ከሌላው ወር ላቅ ያለ ነበር። አሥራ ሁለታችን ተሰብስበን፣ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጽዋው ሞልቶ፣ መምሬ መጥተው እስኪባርኩ እንጠብቃለን። ዝናቡ ይወርዳል። መምሬ ዘገዩ። ጥሩአየሁ፣ መቼም ታውቃታለህ፣ ከሁላችን ይልቅ ሥርዓት አዋቂ እኔ ነኝ ባይ ናት፣ ማን የት መቀመጥ እንዳለበት እያስተካከለች ታደክመናለች።

በዚህ መሐል አዴ ኩምሴ በሩን ገፍተው ገቡ። ከወንዙ ማዶ ያሉት አዋላጅ ናቸው። አገሩ ግማሹ በእሳቸው እጅ ነው የተወለደው፤ አንተ ግን በመቱ ስለተወለድክ አላገኙህም። ውኃ ከቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ መሐል ቆሙ።

“ምንድን ነው ይኼ? እናንተ እዚህ ትጠጣላችሁ፤ እዚያ ልጅቷ እየሞተች ነው!” አሉ። “ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት። እናቷ እንዳትመጣ እኔ ከተሻገርኩ በኋላ ወንዙ ሞልቷል። እሳቷን ዝናብ አጥፍቶባታል። እኔ እጄን ታጥቤ ልጅ የምቀበልበት ትንሽ ሙቅ ውኃ የለኝም! ማነው ይችን ልጅ የተቀየማት? መጥቶ ከአፉ ይቅር ይበላት። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ያ ማራም! ያ ማራም!”

አዴ ኩምሴ እንደ እኛ ክርስትና የተነሡ አይደሉም፤ ግን እመቤታችንን ማራም ብለው በምጥ ቤት ከእኛ ይልቅ ይጠሯታል። የወለደች ሁሉ የምታውቀውን ልማድ ነው የጠየቁት፤ ምጥ የጠናባት ሴት ዘንድ የተቀየማት ሰው ሁሉ ይጠራል፤ ቂሙን በአንደበቱ ካልፈታ ማሕፀኗም አይፈታም ይባላል። ማን ነው የተቀየማት? ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ጃለቴን ያልተቀየመ በሁሩሙ ማን ነበር? ክፉ ሠርታ ሳይሆን አንተን አግብታ።

ተነሣሁ። ነጠላዬን ደረብኩ።

“ወዴት ነሽ?” አሉኝ እትዬ እታፈራሁ።

“ወንድሜ ቤት።”

“ግዝቱስ?”

“እትዬ፣ ይህ ጽዋ በማን ስም ነው የተቀዳው?”

“ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በእመቤታችን ነዋ!”

“ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራውስ ማንን ነው?”

የዳቦውን ጨርቅ አስተካከሉ።

“እንግዲያው ዛሬ እመቤታችን የት ያለች ይመስልዎታል? እዚህ ከዳቦው ዘንድ ናት ወይስ እዚያ?”

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሕይወቴ ለእትዬ እታፈራሁ እንዲህ መልሼ አላውቅም። እሳቸው ዳቦውን አዩት፤ በሩን አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ።

“መምሬ ያሉት እሳትና ውኃ አትስጡ ነው። እኛ አንሰጥም። ይዘን እንገባለን፤ ይዘን እንወጣለን። ጥሩአየሁ፣ ፍሙን በገል አድርጊና በኮባ ቅጠል ሸፍኚ! አንቺ ውኃውን፣ አንቺ ቅቤውን፣ አንቺ ዱቄቱን! ምን ትጎለታላችሁ?”

“ደጁን የረገጠስ ያሉት?” አለች ጥሩአየሁ።

“ደጁን እንዘለዋለን!” አሉ እትዬ እታፈራሁ።

አሥራ ሁለት ሴቶች ፍም በገል ይዘን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን፣ በገበያው መሐል ስንወርድ ሰው ሁሉ ከየሱቁ ወጥቶ አየን። አንዳንዱ አማተበ። እኔ ከሠርጌ ቀን በኋላ እንደዚያ ቀና ብዬ የሄድኩበት ቀን የለም።

ቤትህ ደርሰን ስንገባ ጃለቴ ምሰሶውን ይዛ ተንበርክካለች። ከንፈሯ ደርቋል። እኛን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

“እናንተ ከመጣችሁማ ሞቻለሁ ማለት ነው” አለች።

እትዬ እታፈራሁ ሳቁም እንባም መጣባቸው። ፊቷ ተንበርክከው፣ “በግንቦት እሳት ልትጭሪ መጥተሽ ውሻ የለቀቅሁብሽ እኔ ነኝ። ከእኔ የወጣ ቂም የለም፤ አንቺም ይቅር በይኝ” አሏት። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዷ ከምንጩ እንስራዋን ገፍታባት ነበር። አንዷ ሰላምታዋን አልመለሰችላትም። ጥሩአየሁ ደግሞ መሐን ትሆናለች ብላ አስወርታባት ነበር፤ ይህን የተናዘዘችው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነው። ጃለቴ ለእያንዳንዷ ራሷን ነቀነቀች፤ ምጡ ሲመጣ ደግሞ “ያ ጎፍታ! ጌታ ኢየሱስ!” ብላ ትጮኻለች። እኛ “ማርያም ማርያም!” እንላለን። አዴ ኩምሴ “ያ ማራም!” ይላሉ። ቤቱ ተደበላለቀ።

ጥሩአየሁ አሁንም አላስቻላትም። “እመቤታችንን ካልጠራች እንዴት ትደርስላታለች? በይ ማርያም በይ!” አለቻት።

ጃለቴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆና፣ ሞት ደጇ ቆሞ፣ በማታምንበት አልጮህም አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ አከበርኳት።

እትዬ እታፈራሁ ጥሩአየሁን ክንዷን ይዘው ወደ ኋላ ሳቧት። ለጃለቴ፣ “ልጄ፣ አንቺ ልጁን ጥሪ፤ እኛ እናቱን እንጠራልሻለን። አንድ ቤት አይደሉም እንዴ? የሰማ ይከፍታል” አሏት።

ከዚያ በኋላ ማንም በማንም ጸሎት አልገባም። ሁሉም በሚያውቀው ጮኸ።

የእኔ ተራ የመጨረሻው ነበር። “እህቷ ነሽ፤ አንቺም ተናገሪ” አሉኝ አዴ ኩምሴ። ተንበረከክሁና በጆሮዋ ነገርኳት፤ ፈንታሁንን ለመምሬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ሁሉ የመጣብሽ በእኔ ምላስ ነው አልኳት። ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ምጡ ተነሣባትና እጄን ጨበጠችው፤ ጣቶቼ የተሰበሩ መሰለኝ።

“ኋላ እንነጋገራለን። አሁን ያዢኝ!” አለች።

ያዝኳት። ከኋላዋ ሆኜ በብብቷ ሥር ደገፍኳት፤ ክብደቷ ሁሉ ደረቴ ላይ አረፈ። ፍሙ ነድዶ ውኃው ሞቀ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ዝናቡ አባርቶ በመስኮትህ በኩል ፀሐይ ስትገባ ግን ትዝ ይለኛል። ልጅቷ መጣች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። አዴ ኩምሴ ገልብጠው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ያን ጊዜ እመቤቴንም፣ ጌታንም፣ የግሪክህን ኒኮላዎስንም ጠራሁ፤ ማን እንደቀረኝ አላውቅም። ከዚያ አለቀሰች። ምን ዓይነት ለቅሶ! ድምፅዋ የአባታችን ነው፤ ቁጣ አለበት።

ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት እልልታ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ሦስት ካልን በኋላ ማቆም ነበረብን። ማን ያቁመን? እትዬ እታፈራሁ አራተኛውን ጀመሩ፤ ሥርዓት አዋቂዋ ጥሩአየሁ አምስተኛውን አቀለጠችው፤ ሰባት ሞላን። ሁለት ዓመት ሰው ሰላም ያላለው ቤት በእልልታ ተናወጠ።

አሁን ወደ መምሬ ልምጣ። ለካ እሳቸው እትዬ እታፈራሁ ቤት ሲደርሱ ዳቦው እንደተሸፈነ፣ ጽዋው እንደሞላ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ገበያው ውስጥ ጠይቀው ጽዋውን ጥለን ወደ ታች መውረዳችንን ብቻ ሲሰሙ በቁጣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ልክ አጥርህ ጋ ሲደርሱ እልልታው ጀመረ። እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ቆመው ቆጠሩ። ሰባት። ቄስ ቢሆኑም የአገሩ ሰው ናቸው፤ ሰባት እልልታ ሰምቶ ዝም የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ጮክ ብለው፣ “ወንድ ነው! እንኳን ማርያም ማረቻት! ያሳድግላችሁ!” አሉ።

ገዝተው ያዘጉትን ቤት በራሳቸው አፍ ባረኩት። ውስጥ ሆነን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። እትዬ እታፈራሁ ግን አላመነቱም። የማርያም ገንፎው ገና ከምድጃው መውረዱ ነበር፤ በጣባ ጭልፈው መሐሉን ቅቤ ሞልተው ወጡ።

“መምሬ፣ በዚህ ጭቃ መጥተው ባዶ አፍዎን አይመለሱም። የእመቤታችን ነው” አሏቸው።

የማርያም ገንፎ እምቢ አይባልም። መምሬ በርዷቸዋል፤ ጠዋት ቀድሰው እህል አልቀመሱም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው ጎረሱ። ሁለተኛውንም ጎረሱ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብለው በሩን አዩት፤ አንተ የሠራኸውን፣ የተጠረበ ሣንቃ በር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

“እታፈራሁ፣ የማን ቤት ነው ይኼ?” አሉ።

“የፈንታሁን። ሴት ልጅ ወልዷል።”

“ሰባት ነው እኮ የሰማሁት!”

“ሰባት ነው ያልነው። ይጉረሱ እንጂ፤ ይበርዳል።”

መምሬ ጣባውን አዩት፤ እትዬ እታፈራሁን አዩ። ምን እንደሚሉ ጠበቅን። የተገዘትነውም የገዘቱትም አንድ ገንፎ በልተናል። ሽማግሌው ቀስ ብለው ሳቁ። ከዚያ ጎረሱ፤ ጣባውን ጠርገው ነው የመለሱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው ፈቱ። ቃላቸውን እንዳለ ልጻፍልህ፤ “የልጁን ትምህርት አልተቀበልኩም፤ ወደፊትም እከራከረዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ቤት የእመቤታችን ስም ሲጠራ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፤ የልጇም ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። እኔ የበላሁበትን ቤት ሌላው እንዳይበላበት አልከለክልም። እሳትም ውኃም ሰላምታም ፈትቻለሁ” አሉ። ለእኛ ለሴቶቹ አርባ አርባ ስግደት አዘዙብን። እትዬ እታፈራሁ፣ “የእርስዎስ ስንት ነው?” ቢሏቸው፣ “ሰማንያ” አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ አንተ ደጅ ድረስ ሰው በሰው ላይ ሆኖ መጣ፤ ማር የያዘ አለ፣ ዶሮ የያዘ አለ፣ ጥሩአየሁ ፍም ይዛ መጣች። ምድጃው እየነደደ ነው፣ እሷ ግን በገል ፍም! ማንም አልሳቀባትም።

ጃለቴ “ኋላ” ያለችውን አልረሳችም። በሦስተኛው ቀን፣ “አሁን እንነጋገር” አለችኝ። ሁሉንም ደገምኩላት። ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች፤ እኔም ከፈለገችኝ እንድትጠራኝ ብዬ ልወጣ ተነሣሁ። ሳትዞር ልጅቷን አንሥታ ሰጠችኝ። “ያዢያት፤ እጄ ደክሟል። ለፈንታሁን ግን ራስሽ ጻፊ፤ እኔ አልነግርልሽም” አለች። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ነኝ። ደርበው ለራሱ መቀቀል ተምሯል፤ መማሩንም ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ጠዋት ጃለቴ ልጇን ታቅፋ በጌታ ስም ትጸልያለች፤ እኔ ከምድጃው ዘንድ ሆኜ እመቤቴን እለምናለሁ፤ አዴ ኩምሴ ሲመጡ እርጥብ ሣር ይዘው በራሳቸው ወግ ይመርቃሉ። ልጅቷ በሦስቱም ታዛጋለች።

ያን ጊዜ ከቀፎዎቹ ዘንድ ልመልስልህ ያልቻልኩትን አሁን ልመልስልህ። እኔ ቅዱሳኑን የምጠራው እግዚአብሔር አይሰማኝም ብዬ አይደለም። ብቻዬን መለመን ስለሚከብደኝ ነው። ሐዘን ሲመጣ ጎረቤት እንደምጠራ፣ በጸሎትም ሰው እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። አንተ ብቻህን መቆም ትችላለህ፤ ከልጅነትህም ትችል ነበር። እኔ አልችልም፤ ይህን ስለነገርኩህ አላፍርም። ማክሰኞ ዕለት ግን በአንድ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚቆመውም፣ አብሮ የሚጮኸውም ተሰምቷል። ከዚህ በላይ ምን እንድንከራከር ትፈልጋለህ? ብትፈልግም እንከራከራለን፤ ናፍቆኛል።

ልጅቷ ገና ስም የላትም። መንደሩ ሰባቴ እያለ ይጠራታል፤ ቶሎ ካልደረስክ ሌላ ስም አይይዝላትም። የክርስትናዋን ነገር ከመምሬ ጋር ትጨቃጨቃላችሁ፤ ሰማንያ ቀን ጊዜ አላችሁ፤ ሰውየውም ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል።

ወንድሜ፣ አሁን በመንገድህ ላይ ግዝት የለም፤ የቀረው የእኔ ጥፋት ብቻ ነው። እሱን በደብዳቤ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያደረግኩብህ ነገር በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። ፊት ለፊት ቆመህ የፈለግከውን በለኝ፤ አንዲት ቃል አልመልስልህም። ይቅር ብትለኝም ና። ባትለኝም ና። ልጅህ አባቷን የምታጣበት ምንም ጥፋት የለባትም።

እህትህ መንበረ፣
ከቤትህ ከውስጥ